ፒአርፒ፣ ፒአርኤፍ ወይስ ጄል? ከመምረጣችሁ በፊት ደሙ የት እንደሚረጋ ጠይቁ

አንድ ቲዩብ ደም ቅዱና ምንም ሳትጨምሩበት ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ዘንበል ብታደርጉት አይፈስም። ረግቷል፤ ልክ ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆነው። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ የረጋው ይሰበሰብና ቢጫ ውሃ ይለቃል። አይብ ሲወጣ የሚለየውን አጓት አስቡት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬው አላውቅም። ዛሬ ግን ይሄው ነገር በገንዘብ የሚሸጥ ሕክምና ሆኗል። ለፀጉር፣ ለጉልበት፣ ለተነቀለ ጥርስ፣ አልድን ላለ ቁስል፣ "ከራስዎ ደም የተዘጋጀ" እየተባለ ይቀርባል። ስሙም በዝቷል። ፒአርፒ ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋ ትንሽ የደም ክፍል የበዛበት ፈሳሽ ነው፤ ጄሉ እሱው እንዲረጋ ተደርጎ ነው፤ ፒአርኤፍ ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት ፕላትሌቱን ይዞ በራሱ የረጋው ነው። ወዳጅ ዘመድ ይደውልና "ፒአርፒ ይሻላል ፒአርኤፍ?" ይለኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደሙ የሚረጋው የት ነው? ቲዩብ ውስጥ፣ ስሪንጅ ውስጥ ወይስ ሰውነታችሁ ውስጥ? ይህን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ ያልቃል። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደም ሲረጋ ምን ይለቀቃል?

ዋናው ባለጉዳይ ፕላትሌት ነው። ከቀይ የደም ህዋስ በጣም ያንሳል። መቅኒ ውስጥ ካለ ትልቅ ህዋስ ተቆርሶ የሚወጣ ቁራሽ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። አንዱ ፕላትሌት የሚኖረው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው።

ፕላትሌት ውስጡ ትንንሽ ከረጢቶች አሉት። አንዳንዶቹ ኤዲፒ፣ ሴሮቶኒንና ካልሲየም ይዘዋል። የእነዚህ ሥራ ሌሎች ፕላትሌቶችን መጥራት ነው። አልፋ ግራኑል የሚባሉት ደግሞ ግሮውዝ ፋክተር ይይዛሉ። ግሮውዝ ፋክተር ማለት ለህዋስ "ተባዛ፣ ና፣ ጠግን" የሚል መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። ፒዲጂኤፍ፣ ቲጂኤፍ ቤታ እና ቪኢጂኤፍ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

የደም ሥር ሲቆረጥ ከሥሩ የተሸፈነው ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክር ይገለጣል። ፕላትሌቱ እዚያ ይለጠፋል። ክብ ዲስክ የነበረው እሾህ ያወጣል፤ ከረጢቶቹንም ያፈሳል። በዚያው ቅጽበት ትሮምቢን የተባለ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ይፈጠራል። ትሮምቢን በአንድ እጁ ደም ውስጥ ሟሙቶ ያለውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጣል፣ ደሙም ይረጋል። በሌላ እጁ ፕላትሌቱን ይቀሰቅሳል፤ በዚህ የሚደርስበት ቀስቃሽ የለም። ስለዚህ የደም መርጋትና የግሮውዝ ፋክተር መለቀቅ አብረው የሚሄዱ ናቸው። አንዱን ያፈጠነ ብዙ ጊዜ ሌላውንም ያፈጥናል።

ይህ የታወቀው በሚገርም መንገድ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ራስል ሮስና ባልደረቦቹ ከደም ሥር ግድግዳ የወሰዷቸውን የጡንቻ ህዋሳት ያሳድጉ ነበር። ከረጋ ደም በተገኘ ሴረም፣ ማለትም በሚለቀው ቢጫ ውሃ ውስጥ ህዋሳቱ ይባዛሉ። ፕላትሌት ከሌለበት ፕላዝማ (ህዋሳቱ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) በተሠራ ሴረም ውስጥ ግን ዝም ይላሉ። ፕላትሌት ሲጨመርበት እንደገና መባዛት ጀመሩ። ልዩነቱን ያመጣው ደሙ ሲረጋ ፕላትሌቱ ያፈሰሰው ነገር ነበር። ያ ነገር ኋላ ፒዲጂኤፍ ተባለ።

ግሮውዝ ፋክተሩስ ተመልሶ ፕላትሌቱን ይነካዋል? አዎ፣ ግን እንደየዓይነቱ ነው። አይጂኤፍ 1 የተባለው ለብቻው ብዙም አይቀሰቅስም፤ ሌላ ቀስቃሽ ሲመጣ ግን ምላሹን ያጠነክራል። ፕላትሌት እንዲመረት የሚያደርገው ትሮምቦፖየቲንም ፕላትሌቱን ያዘጋጃል እንጂ እርምጃውን ራሱ አያስጀምርም። ፒዲጂኤፍ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ፕላትሌቱ ላይ ተቀባይ አለው፤ ሲያርፍበት ያበርደዋል። ማለትም ፕላትሌቱ ራሱ ያፈሰሰው መልእክት ተመልሶ ፍሬን ይሆንበታል። ስለዚህ "ግሮውዝ ፋክተር ያለው ነገር ደም ያረጋል" የሚል ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። የሚያረጋው ትሮምቢንና ፋይብሪን ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ችግራችሁ ምንድን ነው የሚለው ነው። ለጥርስ የሠራ ለጉልበት ይሠራል ማለት አይደለም። ማስረጃውም ለየብቻው ነው።

ሁለተኛው የመርጋቱ ቦታና ፍጥነት ነው። ቶሎ የረጋ ቶሎ ያፈሳል። በትሮምቢንና በካልሲየም የተቀሰቀሰ ፒአርፒ የያዘውን አብዛኛውን ግሮውዝ ፋክተር በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ቀስ ብሎ በራሱ የረጋ ፒአርኤፍ ግን ለአንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ እያንጠባጠበ ይቆያል። ክፍት ጉድጓድ መሙላት የሚፈልግና መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሊመርጡ አይችሉም።

ሦስተኛው ቲዩቡ ውስጥ የተጨመረው ነገር ነው። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነውና። አንድ ዘመዴ ለፀጉሩ ፒአርፒ ሊሠራ ሄዶ ወረፋ ሲጠብቅ የቲዩቡን ፎቶ ላከልኝ። ክዳኑ ሐምራዊ ነው። ለሲቢሲ ምርመራ፣ ማለትም ለደም ህዋስ ቆጠራ፣ በየቀኑ የምንጠቀምበት ነው፤ ኢዲቲኤ አለበት። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን አጥብቆ ስለሚይዝ ደሙ አይረጋም፣ ለቆጠራም ጥሩ ነው። ችግሩ ፕላትሌቱ በውስጡ ያብጣል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ተመልሶ ሰውነት ውስጥ ለሚገባ ደም አይሆንም። ለፒአርፒ የሚሻለው ሲትሬት ነው፣ በተለይ ኤሲዲ ኤ የሚባለው። እሱም ካልሲየም ይይዛል፣ ግን ለፕላትሌቱ ይራራለታል። ዘመዴ "ክዳኑ ለምን ሐምራዊ ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። ግልጽ መልስ ስላላገኘ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ደስ አለኝ።

በፒአርኤፍም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ቀይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ቲዩብ ባዶ ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ደም ቶሎ እንዲረጋ የሲሊካ ብናኝ ተቀብቶበታል። ለምርመራ ችግር የለውም። ድዳችሁ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ግን ለሕክምና ተብሎ የተሠራ ቲዩብ ጠይቁ።

አራተኛው ሒሳብ ነው። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። 10 ሚሊ ሊትር ደም ተቀድቶ 5 ሚሊ ሊትር "ፒአርፒ" ከወጣ፣ አንድም ፕላትሌት ባይጠፋ እንኳ ክምችቱ ከ2 እጥፍ አይበልጥም። 60 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ 6 ሚሊ ሊትር ቢወጣና ግማሹ ፕላትሌት ቢተርፍ ግን 5 እጥፍ ይሆናል። በማይክሮሊትር 200,000 የነበረው 1,000,000 ደረሰ ማለት ነው። ይህ አንድ ሚሊዮን በዘርፉ ብዙ ጊዜ እንደ መለኪያ የሚጠቀስ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስንት ተቀዳ፣ ስንት ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። ከትንሽ ቲዩብ ብዙ ፈሳሽ አውጥቶ "5 እጥፍ ነው" የሚላችሁ ሰው ተሳስቷል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ነጭ የደም ህዋስ ይኑርበት አይኑርበት መታወቅ አለበት፤ ነጩ ሲበዛ እብጠትና ሕመሙም ይጨምራል። ንጽህናው ደግሞ ድርድር የሌለበት ነው። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ ስፓ ፊታቸው ላይ በመርፌ እየተወጋ ፒአርፒ የተቀባላቸው ደንበኞች ኤችአይቪ ይዟቸው ተገኝተዋል። ምርመራው የተጀመረው በ2018 ነው፤ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም በ2024 ዘርዝሮ አውጥቶታል። የራስ ደም ነው ማለት ከሌላ ሰው ደም ጋር አይነካካም ማለት አይደለም።

ፈሳሽ ፒአርፒ፦ ሰውነት ውስጥ የሚረጋው

ደሙ ከሲትሬት ጋር ይቀዳል፣ ሴንትሪፊዩጅ በሚባል ፈጣን ማሽን ይሽከረከራል። ቀዩ ከታች ይቀራል፣ ፕላትሌት የበዛበት ቢጫ ፕላዝማ ከላይ ይለያል። እሱ በመርፌ ይሰጣል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ካልሲየምና ኮላጅን ያገኛል፣ እዚያው ይቀሰቀሳል። ነጭ ህዋስ የሌለበትም ያለበትም ይዘጋጃል።

ለጉልበት መገጣጠሚያ አብዛኛው ባለሙያ ነጭ ህዋስ የሌለበትን ይመርጣል። ግን ማስረጃውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ የጉልበት አርትራይተስ ባለባቸው 288 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ ፒአርፒ፣ ግማሾቹ ለማነጻጸር የጨው ውሃ ተወጉ። ከ12 ወር በኋላ በሕመምም ሆነ በአጥንት ልባሱ መጠን የጎላ ልዩነት አልታየም። ሌሎች ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ አሠራራቸውም ይለያያል። እኔ ግን ገንዘቡ የሚከብደውን ሰው ለጉልበቱ ተበደርና አሠራ አልለውም።

ለጅማት ነገሩ እንደ ቦታው ነው። በ2014 በታተመ ጥናት የክርን ጅማት ሕመም ላለባቸው 230 ሰዎች ነጭ ህዋስ ያለበት ፒአርፒ ከ24 ሳምንት በኋላ ተሻለ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የተረከዝ ጅማት በታመሙ 54 ሰዎች ላይ ከጨው ውሃ አልበለጠም።

ለፀጉር፣ በዘር ለሚመጣ መሳሳት ብዛቱ እንደጨመረ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ በየወራቱ ይደገማል። ዋጋውን ስታስቡ የሦስቱንና የድግግሞሹን ደምሩ። በጠባሳ የሞተ የፀጉር ሥር ላይ ብዙ ተስፋ የለም። በጠባብ ሹሩባ ግንባር ላይ የሳሳ ፀጉር ደግሞ በመጀመሪያ የሚፈልገው የላላ ሹሩባ ነው። ጎታቹ ሳይቆም የትኛውም መርፌ አያድነውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፊት ላይ፣ በተለይ በቅንድብ መካከልና በግንባር፣ ፈሳሹ ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ጥቂት ቢሆኑም የተመዘገቡ አሉ። እዚህ ቦታ የሚወጋችሁ ሰው ሐኪም ይሁን።

የተቀሰቀሰ የፒአርፒ ጄል፦ ስሪንጅ ውስጥ የሚረጋው

ይህ ያው ፒአርፒ ነው፣ ከመደረጉ በፊት ካልሲየም ክሎራይድ፣ አንዳንዴም ትሮምቢን ይጨመርበታል። ሲትሬቱ የያዘው ካልሲየም ይተካና በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ለቀዶ ሕክምና ቦታና ከአጥንት ንቅለ ተከላ ጋር ለመደባለቅ ይመቻል። ድክመቱ ያልኳችሁ ነው፤ ያለውን ባንድ ጊዜ ያፈሳል።

ትሮምቢኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከከብት የተሠራው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት ሊያደርግ ይችላል። ያ ፀረ እንግዳ አካል ፋክተር 5 የተባለውን ደም ለመርጋት የሚያስፈልግ የራሳችሁን ፕሮቲን ሊያጠቃ፣ ደም እንዳይረጋም ሊያደርግ ይችላል። ካልሲየም ብቻውን ከሠራ ትሮምቢኑ ለምን አስፈለገ?

ፒአርኤፍ፦ ቲዩብ ውስጥ የሚረጋው

ይህን በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ ዮሴፍ ሹክሩንና ባልደረቦቹ አስተዋወቁት። ቀላልነቱ ያስደስተኛል። ሲትሬት የለም፣ ካልሲየም አይጨመርም፣ ትሮምቢን የለም። ደሙ ተቀድቶ ወዲያው ወደ ማሽኑ ይሮጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከዘገየ ሳይለያይ ይረጋል፣ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ቲዩቡን ስታዩት ሦስት ነገር አለ። ከታች ቀዩ፣ ከላይ ንጹህ ቢጫ ውሃ፣ መሃል ላይ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ቢጫ እርጎ። በመቆንጠጫ ይወጣል፣ ቀዩ ይቆረጥለታል። ከዚያ በቀስታ ተጭኖ እንደ አይብ ውሃው ይወጣለትና ስስ ልባስ ይሆናል። በጣት ሲይዙት ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም። ፕላትሌቱም ነጭ ህዋሱም በፋይብሪኑ መረብ ውስጥ ታስሯል። ግሮውዝ ፋክተሩ ቀስ እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ለጥርስ ከሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። የመጨረሻው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል የረጋው ደም ከጉድጓዱ ከወጣ አጥንቱ ይጋለጣል፣ ሕመሙም እንቅልፍ ይነሣል። ፒአርኤፍ እዚያ ሲሞላ ይህ ችግር እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ለቁስልም የሚያስደስት ማስረጃ አለ። በ2018 በታተመ ጥናት እንግሊዝ፣ ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ በስኳር ሕመም የእግር ቁስል የሚሠቃዩ ሰዎች ተካፍለዋል። ምንም ሳይጨመርበት ከራሳቸው ደም የተሠራ የፕላትሌት፣ የነጭ ህዋስና የፋይብሪን ልባስ በየሳምንቱ ተደረገላቸው። በ20 ሳምንት ውስጥ 34 በመቶው ዳኑ። የተለመደው ጥሩ እንክብካቤ ብቻ ያገኙት 22 በመቶ ናቸው። በእግር ቁስል ለሚሠቃይ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ድክመቱ ከረጋ በኋላ በመርፌ አይሰጥም። ፈሳሽ ፒአርኤፍ የሚባል አለ፤ እሱም ቶሎ ካልተሰጠ ስሪንጁ ውስጥ ይረጋል።

የፒዲጂኤፍ ቅባት፦ ምንም የማይረጋበት

ቤካፕለርሚን ይባላል። ደም አይቀዳም፣ ማሽን የለም። በእርሾ ህዋስ የተመረተ ፒዲጂኤፍ ነው፣ 0.01 በመቶ በጄል ውስጥ። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕመም የእግር ቁስል በ1997 ተፈቀደ። በዋናው ጥናት በ20 ሳምንት 50 በመቶ ዳኑ፣ መድኃኒት የሌለበትን ጄል የተቀቡት ደግሞ 35 በመቶ። በ2008 ከካንሰር ጋር የተያያዘ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር፤ በ2018 ከባዱ ማስጠንቀቂያ ተነሣ። ቁስሉ ላይ ካንሰር ካለ ግን አይቀባም። በጣም ውድ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታም ይፈልጋል። አንድ መልእክተኛ ብቻ ስለሆነ ፋይብሪን መረብ የለውም፣ ቁስሉን አይሸፍንም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚረጋበት ቦታ | ግሮውዝ ፋክተሩ የሚወጣው | ቲዩቡ ውስጥ ያለው | የሚሻልበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፈሳሽ ፒአርፒ | ሰውነት ውስጥ | ከገባ በኋላ፣ ቀስ በቀስ | ሲትሬት | ፀጉር፣ የክርን ጅማት፤ ለጉልበት አከራካሪ | ተደጋጋሚ ስለሆነ ይከብዳል |
| የፒአርፒ ጄል | ስሪንጅ ውስጥ | ባብዛኛው በአንድ ሰዓት | ሲትሬት፣ ኋላ ካልሲየም | ቀዶ ሕክምና፣ አጥንት | መካከለኛ |
| ፒአርኤፍ | ቲዩብ ውስጥ | ሳምንትና ከዚያ በላይ | ምንም | የተነቀለ ጥርስ፣ ድድ፣ ቁስል | ዝቅተኛ |
| ቤካፕለርሚን | አይረጋም | ሲቀባ ወዲያው | ደም የለም | የስኳር ሕመም የእግር ቁስል | በጣም ውድ |

ለማን የትኛው?

ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነና ሐኪማችሁ ፒአርኤፍ ካለው አሠሩ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጉዳቱም እንዲሁ። ቀላል ጥርስ ከሆነ ግን ጉድጓዱ በራሱ ደም በደንብ ይሞላል፤ አያስፈልግም።

የስኳር ሕመም የእግር ቁስል ያለበት አባት ወይም እናት ካላችሁ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ እግሩ ከጫና ይረፍ፣ የሞተው ሥጋ ይጸዳ፣ የደም ዝውውሩ ይታይ፣ ስኳሩ ይስተካከል። እነዚህ ሳይሆኑ ፕላትሌት ማስቀመጥ ገንዘብ መድፋት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁስሉ ካልጠበበ የፕላትሌት ልባስ ይታሰብ። ወላጆቻችሁ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው ከሆነ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ለማይድን የስኳር ሕመም ቁስል ከራስ ደም የሚሠራ ፒአርፒን ለ20 ሳምንት ይሸፍናል። ሐኪሙን ጠይቁት።

ለፀጉር በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሚኖክሲዲል በሚባለው የፀጉር መድኃኒት ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ማስረጃውም የቆየ ነው። ገንዘቡ ካላችሁና ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ ካላያችሁ ፒአርፒን በላዩ ጨምሩበት። ለጉልበት ፊዚዮቴራፒና ክብደት መቀነስ ይቅደሙ።

ፕላትሌታችሁ ከ100,000 በታች ከሆነ፣ ቦታው ላይ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር ካለ፣ ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያያችሁ የትኛውንም አትጀምሩ። ከቀጠሮው በፊት ሲቢሲ አሠሩ፣ ቁጥራችሁን እወቁ።

ስለ አስፕሪን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ እንደ ደነዘዘ ይቀራል፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን። አይቡፕሮፌን ግን በአንድ ቀን አካባቢ ይለቀዋል። ለራስ ምታት ብላችሁ የምትውጡት ከሆነ ከሳምንት በፊት ተዉት፣ በፓራሲታሞል ተኩት። ለልብ ወይም ለስትሮክ ታዞላችሁ የምትወስዱት ከሆነ ግን ያዘዘው ሐኪም ሳይል አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ። ፀጉር ይቆይ፣ ጉልበትም ይጠብቅ።